ከአንድ ኮኮናት ምን ይሠራ? ወተት፣ ዘይት፣ ዱቄት ወይስ ጣፋጭ

ኮኮናት ገዝቶ ቤት መግባት ቀላል ነው። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዱ “ወተት አውጡለት፣ ጾም ነው” ይላል። ሌላዋ “ዘይቱን ለፀጉሬ” ትላለች። ልጆቹ ደግሞ እዚያው ተቆርጦ እንዲታደል ነው የሚፈልጉት። አንድ ፍሬ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ለገዛ የአዲስ አበባ ሰው ወተት ይቀድማል። ወተቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አይጣልም፤ ኩኪስ ይሆናል፣ ዱቄት ይሆናል። ዘይት ግን ፍሬውን ሙሉ ወስዶ ጭላጭ ነው የሚሰጣችሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማየት ውስጡ ያለውን እንቁጠር። ቃጫው ተልጦ የሚሸጠው መካከለኛ ፍሬ ከ350 እስከ 400 ግራም ነጭ ሥጋ አለው። ከ100 ግራሙ ሥጋ 47 ግራም ገደማ ውሃ ነው። 33 ግራም ስብ ነው። አሰሩ 9 ግራም ያህል ሲሆን ፕሮቲኑ ከ3 ግራም ብዙም አያልፍም። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

መጀመሪያ ፍሬው ራሱ

ኮኮናት የሞቃት ቆላና የባሕር ዳርቻ ተክል ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። ስለዚህ የገዛችሁት ፍሬ ትናንት ከዛፍ የወረደ እንዳይመስላችሁ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ደግሞ የመሃል ከተማ ሰው ከብዙ ክምር መሃል እያገላበጠ የሚመርጥበት ቦታ ርቆበታል። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ፍራፍሬ ቤት ጥቂት ፍሬ ብቻ ደርድሮ ታገኙታላችሁ። ከጥቂት መምረጥ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል።

ሦስት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውሃው ሲንቦጫረቅ መሰማት አለበት። ድምፅ ከሌለው ውሃው ደርቋል ወይም በስንጥቅ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ ሦስቱን “ዓይኖች” እዩ። እርጥብ ከሆኑ ወይም ሻጋታ ካለባቸው ተዉት። ሦስተኛ፣ በመጠን እኩል ከሆኑ ሁለት ፍሬዎች ከባዱን ውሰዱ። ባለ ሱቁ ቢቆጣም “ወንድሜ፣ እስቲ ያንን ደግሞ አቀብለኝ” ከማለት አትፈሩ። ገንዘባችሁ ነው።

አረንጓዴው ወይስ ቡናማው? ለምግብ ሥራ ከሆነ ቡናማው፣ ያለ ጥያቄ። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ለመብሰል አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በስድስትና በሰባት ወሩ የሚቆረጠው አረንጓዴው በውሃ የተሞላ ነው፤ ሥጋው ግን ገና ስስና ዝልግልግ ነው። ስቡ የሚሞላው በኋላ ነው። ከአረንጓዴው ወተት ላውጣ ያለ ሰው ነጣ ያለ ውሃ ይጠጣል።

አከፋፈት፦ ቢላ፣ እሳት ወይስ ፍሪዘር

በየትኛውም መንገድ ብትከፍቱት መጀመሪያ ውሃው ይውጣ። ከሦስቱ ዓይኖች አንዱ ለስላሳ ነው። ንጹሕ ሚስማር ወይም ካቻቢቴ ይበሳዋል። ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡና ቅመሱት። ጣፈጥ ካለ ፍሬው ደህና ነው። ከኮመጠጠ ወይም የቆየ ዘይት ከሸተተ ነገሩ አልቋል። ሥጋው ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ግራጫ ቀለም ካለበትም አጠገቡን ቆርጦ መብላት የለም፤ ሙሉውን ጣሉት። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ ያመነጫል።

ከዚያ ምርጫው እንዳላችሁ ዕቃ ነው። በከባድ ቢላ ጀርባ ወገቡን ዙሪያውን እያዞሩ መምታት ፈጣን ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ችግሩ ሥጋው ቅርፊቱን አጥብቆ መያዙ ነው። ሲፈለቀቅ ቢላው ስቶ እጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኦቨን ያለው ሰው ውሃው የወጣለትን ፍሬ 200 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያስገባው ቅርፊቱ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ሥጋውም ይላቀቃል። ውሃው ሳይወጣ ካስገባችሁት ግን ሊፈነዳ ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ ማውጣትም ይሠራል። ሲቀልጥ ሥጋው በቀላሉ ይለቃል። ሌሊቱን መብራት ከጠፋ ግን ዕቅዱ ፈረሰ ማለት ነው።

ኦቨንም ፍሪዘርም ለሌለው ቤት እኔ የምመርጠው ከሰሉን ነው። ፍሬውን ለሁለት ክፈሉት። ቡና ከተፈላ በኋላ በቀረው ፍም ላይ ቅርፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ቤቱም ደስ የሚል ሽታ ይይዛል። ሥጋው በማንኪያ እጀታ ይፈለቀቃል።

ወተቱ

ሱፍ ጠልሎ የሚያውቅ ሰው የኮኮናት ወተት ለማውጣት ትምህርት አያስፈልገውም። መፍጨት፣ ውሃ መጨመር፣ ማጥለል ነው። ሱፍ መቀቀል አለበት፤ ኮኮናት ግን ጥሬውን ነው።

ለአንድ ፍሬ ሥጋ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ በቂ ነው። ውሃው የሚያቃጥል ሳይሆን ጣት የሚችለው ይሁን። ሙቀቱ ስቡን ያለሰልሰዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራ ሰው ብዙ ስብ ጨርቁ ላይ ይተዋል። በጣም የፈላ ከሆነ ደግሞ ስትጨምቁ እጃችሁን ይፈጃል።

በብሌንደር ወይስ በመፈቅፈቂያ? ብሌንደር ሁለት ደቂቃ ነው። ሥጋውን በትንንሹ መቆራረጥ ብቻ ይፈልጋል። አሮጌ ወይም ደካማ ብሌንደር ካላችሁ ግን በሁለት ዙር ፍጩት፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል። መፈቅፈቂያ ክንድ ያደክማል፣ የጣትም ቆዳ ይልጣል። ግን የተፈቀፈቀው ሥጋ እኩል ስለሚሆን ቅሪቱ ለኩኪስ የተሻለ ነው። ለወተት ብቻ ከሆነ ብሌንደሩን ያዙ። ቡናማውን ስስ ቆዳ መላጥም አያስፈልግም። ወተቱ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ጣዕሙ አይለወጥም።

ወንፊት ብቻውን አይበቃም። ንጹሕ ሻሽ ወይም ያረጀ የታጠበ ነጠላ ቁራጭ ወንፊቱ ላይ አንጥፉ። ከዚያ ጠቅልላችሁ እስኪደርቅ ጨምቁ። ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ወተት ይወጣል። ይሄ ወፍራሙ ነው። ቅሪቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ድጋሚ ብትጨምቁት ቀጭኑ ይወጣል። የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ሰዎች ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚይዙት። ሩዙን ወይም አትክልቱን በቀጭኑ ያበስላሉ፤ ወፍራሙን ድስቱ ሊወርድ ሲል ያፈሱበታል። ልክ ናቸው። ወፍራሙ ብዙ ከፈላ ስቡ ይለያይና ቅባቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል።

ፍሪጅ ሲገባ ከላይ ነጭ ጠንካራ ነገር ይይዛል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት! ስቡ ነው። ለብ አድርጎ ማማሰል ይበቃል። ወይም ያንን የላይኛውን ገፍፋችሁ ለብቻው እንደ ክሬም ተጠቀሙበት። ወተቱ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በረዶ መሥሪያው ላይ አፍሱና አቀዝቅዙት።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ሁዳዴ ሲገባ፣ በረቡዕና ዓርብም ቢሆን፣ የመሃል ከተማ ካፌዎች የጾም ማኪያቶ ይሠራሉ። ቤት ውስጥ ግን የቱን ወተት እንያዝ?

ለቡና ከሆነ የቤት ኮኮናት ወተት አያኮራም። ትኩስ ቡና ላይ ሲፈስ ስቡ ይቋጠራል፣ ላይ ላዩ ዘይት ይሆናል። የታሸገው ብዙውን ጊዜ ስቡንና ውሃውን አንድ ላይ የሚያቆይ ማወፈሪያ ስለተጨመረበት ይሻላል። የቤቱን ልጠቀም ካላችሁ ወተቱን ቀድማችሁ አሙቁ፣ አታፍሉት፣ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። እኔ ግን ለማኪያቶ የኦቾሎኒ ወተት ነው የምመርጠው። ለሆድ ከበድ ቢልም ያጠግባል።

ለአቅም፣ ለፕሮቲን ከሆነ ኮኮናት ተሸናፊ ነው። ከላይ ያየነው 3 ግራም ብቻ ነው። ኦቾሎኒ በ100 ግራም 25 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ “የኮኮናት ወተት እየሰጠሁት ነው” ብሎ የሕፃን ልጅን የላም ወተት መተካት ትክክል አይደለም። ስሙ ወተት ይሁን እንጂ ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ጥቂት ነው።

ለድስት ግን ማንም አይደርስበትም። የጾም ቅንጬ በኮኮናት ወተት ሞክሩ፣ ቅቤ ትዝ አይላችሁም። የአጃ ሾርባ በቀጭኑ ወተት ተሠርቶ ሲወርድ ትንሽ ወፍራሙ ሲጨመርበት ሌላ ነገር ነው። ሩዝም እንደዚያው። ድንችና ካሮት አልጫ ላይ ከእርድና ከዝንጅብል ጋር ደህና ይሄዳል። ሽሮ ላይ የሚጨምሩ አሉ። ለእኔ ግን በርበሬውና ጣፋጩ አይስማሙም። ሱፍ ፍትፍትንም በኮኮናት ልተካ አትበሉ፤ ሱፍ ሱፍ ነው።

የታሸገውስ? አንድ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ከአንድ ፍሬ የሚወጣው ወፍራም ወተትም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ የዋጋ ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ፍሬ ከአንድ ቆርቆሮ ጋር። ፍሬው ከረከሰ ወይም እኩል ከሆነ ፍሬውን ግዙ፣ ቅሪቱና ውሃው ትርፍ ነው። ቆርቆሮው በጣም ከረከሰና የምትሠሩት ሩዝ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮውን ግዙ። ጀርባውን ግን አንብቡ። የኮኮናቱ መጠን በመቶኛ የተጻፈበት አለ። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ውሃ ነው የምትገዙት።

ዘይቱ

ብዙ ሰው ኮኮናት የሚፈልገው ለዚህ ነው። በተለይ ለፀጉር። ስለዚህ ስሌቱን በግልጽ እንሥራው። 370 ግራም ሥጋ ውስጥ 120 ግራም ገደማ ስብ አለ። ቤት ውስጥ፣ በሻሽና በእጅ፣ ግማሹን ካወጣችሁ ጎበዞች ናችሁ። ይሄ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ለመሙላት ሰባት ወይም ስምንት ፍሬ ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። የእናንተን የጨመቃ ድካም ሳንቆጥር።

ከዚያ ደግሞ ጋዙ ወይም መብራቱ አለ። ወፍራሙን ወተት በዝግታ እሳት ላይ ውሃው እስኪያልቅ ማብሰል ነው። መጀመሪያ ይወፍራል። ከዚያ ይቋጠራል። በመጨረሻ ቋጠሮው ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ጥርት ያለ ዘይት ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በላይ ምድጃው አጠገብ መቆም ይጠይቃል። ዞር ካላችሁ ያራል። ሌላው መንገድ ሳያሞቁ ከ24 እስከ 36 ሰዓት አስቀምጦ በራሱ እንዲለያይ ማድረግ ነው። ይሄኛው ሙቀት ይወዳል። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብትሞክሩት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከመለያየቱ በፊት ይሸታል።

ስለዚህ ለምግብም ለፀጉርም ዘይት በብዛት ከፈለጋችሁ የተዘጋጀውን ግዙ። ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቤት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ከዚያ በታች ነው። የረጋ ዘይት ስታዩ “ሻማ ቀላቅለውበታል” አትበሉ፤ ተፈጥሮው ነው። ይልቅ በብርዳም ጠዋት እንደ ውሃ የሚፈስ “ንጹሕ የኮኮናት ዘይት” ቢያጋጥማችሁ ጠይቁ። እንዳይረጋ ተደርጎ የሚዘጋጅ ዓይነት አለ፣ ያ ከሆነ መለያው ላይ ሊጻፍ ይገባል። ካልተጻፈ ሌላ ዘይት ሳይገባበት አልቀረም።

ከጤና አንፃርም የሚወራውን ያህል አይደለም። ከስቡ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የረጋ ስብ የሚባለው ዓይነት ነው። ከቅቤ ይበልጣል። ኮሌስትሮል ከፍ ያለባችሁና ሐኪም ቅባት ቀንሱ ያላችሁ ሰዎች “ከተክል ነው” በሚል አትዘናጉ። ይሄ ወተቱንም ይመለከታል።

አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ የቤቱን ዘይት እደግፋለሁ። ወተት አውጥታችሁ ሳትጠቀሙ ሦስተኛ ቀኑን ከያዘ፣ ገና ሽታው ሳይለወጥ፣ የላይኛውን ክሬም ገፍፋችሁ አብስሉት። ከሚደፋ ለፀጉር ይሁን።

ቅሪቱ፦ ኩኪስ ወይስ ዱቄት

የተጨመቀው ቅሪት ስቡ ቢቀንስም አሰሩ እንዳለ ነው። ኩኪሱ ቀላሉ መንገድ ነው። አንድ ብርጭቆ ቅሪት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ቆንጠር ጨው። በኮኮናት ወተት እያራሳችሁ እጅ ላይ እስኪያያዝ ለውሱት። 170 ዲግሪ ላይ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። እንቁላልም ቅቤም የለውም፣ ለጾም ይሆናል።

ዱቄት ከፈለጋችሁ ማድረቅ አለባችሁ። እዚህ ላይ ምጣዳችን ከኦቨን ይሻላል። እንጀራ ጋግራችሁ ምጣዱን ካጠፋችሁ በኋላ ሙቀቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከማሰሻው የቀረውን ቅባት ጥረጉ፣ ንጹሕ ወረቀት አንጥፉ፣ ቅሪቱን ስስ አድርጋችሁ በትኑ። እያገላበጣችሁ አድርቁት። በእጅ ሲታሽ መፈርፈር አለበት። ከዚያ በቡና መፍጫ ትፈጩታላችሁ። በቂ ካልደረቀ ማሰሮው ውስጥ ይሻግታል። አጠቃቀሙም ልክ አለው። ውሃ በኃይል ይጠጣል። ከስንዴው ዱቄት ሩቡን ብቻ ተኩና ፈሳሹን ጨምሩ። ሙሉ በሙሉ በኮኮናት ዱቄት የተሠራ ዳቦ አሸዋ ነው።

ወተት የማይፈልግ ቤት

ልጆች ያሉበትና የማይጾም ቤት ከሆነ ጨርሶ ሌላ መንገድ አለ። ቺፕስ ነው። ሥጋውን በድንች መላጫ ስስ አድርጋችሁ ላጩት፣ ጨው ነስንሱበት፣ 160 ዲግሪ ላይ ጠርዙ እስኪያር ሳይሆን እስኪቀላ። ዓይናችሁን አትንቀሉ። በሁለት ደቂቃ ልዩነት ከወርቃማ ወደ ጥቁር ይሄዳል።

ወይም ካሻታ። ኬንያና ታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ የታወቀ ጣፋጭ ነው። አንድ ብርጭቆ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍሉ፣ ሲወፍር ሁለት ብርጭቆ የተፈቀፈቀ ኮኮናትና የተፈጨ ሄል ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ አድርቁት፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ አንጥፉና ሳይቀዘቅዝ ቁረጡት። በቴርሞሜትር የሚሠራ የምግብ አሠራር ካገኛችሁ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከተጻፈው 8 ዲግሪ ገደማ ቀንሱ። ወይም ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጋችሁ እዩ። ለስላሳ ኳስ ከሠራ ደርሷል። ለካሻታ ቡናማውን ቆዳ ላጡ። ነጭ ሆኖ ነው የሚያምረው።

በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ የኮኮናት ፍርፋሪ ለኬክ ማስዋቢያ ጥሩ ነው። ለካሻታ ልሞክረው ካላችሁ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት። ጣዕሙ ግን ከፍሬው ጋር አይወዳደርም። ስኳር የተጨመረበትም ስላለ ጀርባውን እዩ።

ከኮኮናት ወተት እርጎ ቤት ውስጥ መሥራትስ ይቻላል? ይቻላል፣ ግን ለማስጀመር የሚገባው እርጎ ከላም ወተት ከሆነ ጾሙ ቀረ። ለጾም ሲባል አይመከርም።

ሁለት ፍሬ ከገዛችሁ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቀን አትክፈቱ። ያልተከፈተው ደረቅ ቦታ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የተከፈተው ሥጋ ግን ፍሪጅ ውስጥም አራትና አምስት ቀን ነው። አንዱን ለወተት አድርጉት። ሁለተኛውን ቅሪቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ክፈቱት። ከመክፈታችሁ በፊት ድጋሚ ነቅንቁት፤ ስትገዙት የነበረው ድምፅ ጠፍቶ ከሆነ ውሃው ሾልኳል። እንደዚያ ከሆነ ክፈቱና አሽትታችሁ ቀለሙን አይታችሁ ወስኑ።